ፍሬን ያለው ተሳቢ ወይስ የሌለው? ደንገጎን ለሚመላለስ ገዢ

ከድሬዳዋ ተነስቶ በሐረር በኩል፣ ድንኳን፣ ውሃና ጄኔሬተር በተሳቢ ጭኖ ባቢሌ ድንጋዮቹ ሥር ማደር የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መኪናዬ ይጎትተዋል ወይ?» ብሎ ነው። መውጣቱማ ብዙ አያሳስብም። ሞተሩ ካቃተው ራሱ ይነግራችኋል። እኔን የሚያስፈራኝ መመለሻው ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ቁልቁለቱ ደግሞ መንገዱ ላይ አልተበተነም፤ በሁለቱ መካከል ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው የተከመረው። ስለዚህ ሁለቱን ተሳቢዎች የማወዳድራቸው ሲወርዱ እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ ኪሎው። በአውሮፓ ደንብ ፍሬን የሌለው ትንሹ ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ማለፍ አይችልም። «ከነጭነቱ» የምትለዋን ልብ በሉ። ባዶው 250 ኪሎ ከሆነ የሚቀራችሁ 500 ነው። አንድ በርሜል ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ይበላል። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ጄኔሬተሩ፣ ጀሪካኑ፣ «ይቺን ብቻ» ተብላ መጨረሻ ላይ የምትጫነው በግ... አለቀ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከጎታቹ መኪና ክብደት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ቪትዝ 1,000 ኪሎ ገደማ ናት። እንግዲህ ለእሷ ገደቡ 750 ሳይሆን 500 ነው፤ እሱም መመሪያዋ መጎተትን ከፈቀደ። የቪትዝ ባለቤቶች አትቆጡኝ፣ ድንኳኑን ፖርቶመጋላ ላይ እሰሩት።

ፍሬን ያለው እስከ 3,500 ኪሎ ይሄዳል። የቅርቡ ደብል ጋቢና ናፍጣ ሃይሉክስ በብዙ አገር ፍሬን ላለው ተሳቢ 3,500፣ ለሌለው 750 ኪሎ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ያው መኪና፣ ያው ሞተር።

አሠራሩ ቀላል ነው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፤ ግፊቱ አፍንጫው (ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጫፍ) ላይ ያለውን ዘንግ ተጭኖ የተሳቢውን ፍሬን ያሲዛል። ዋጋው ይወደዳል፣ የፍሬን ሸራም ይቀየርለታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ከደገፋችሁ ግን እሱም ይግላል። በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ተሳቢው ቢፈታስ? ፍሬን ያለው ቀጭን የብረት ገመድ አለው። አፍንጫው መኪናው ኋላ ካለው መጎተቻ ኳስ ሲላቀቅ ገመዱ ፍሬኑን ስቦ ያቆመዋል። ፍሬን የሌለው ተስፋው ሰንሰለት ብቻ ነው። ሁለት ሰንሰለት ካለው ከሥር አጣምሯቸው፤ አፍንጫው ቢወድቅ አስፋልቱን ሳይነካ እነሱ ላይ ያርፋል። እኔ ተሳቢ ሳይ ከቀለሙ በፊት ይሄን ነው የማየው።

እንግዲህ ከነጭነቱ 500 ኪሎ ለማይሞላ ሰው፣ በፒካፕ ለሚጎትት፣ ፍሬን የሌለው ይበቃዋል። በርሜል ለሚጭን ግን እኔ አልመክርም፤ ትንሽ ቆይቶም ቢሆን ባለፍሬኑን ይግዛ።

አጫጫኑ ለሁለቱም አንድ ነው። ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ ትንሽ ወደፊት ይሁን። ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶው አፍንጫው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ ቀላል ተሳቢ ከሆነ ለመለካት የሰው ክብደት የሚለካው የቤት ሚዛን ይበቃል። ኋላው ከከበደ ተሳቢው ጅራቱን መቁላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ፍሬን በድንገት አትርገጡ፣ ነዳጅም አትስጡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እግራችሁን አንሱ። የጎማ ንፋስ በማለዳ ይለካ፤ የድሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚነበበው ያታልላል። የተሳቢው ጎማ ከመኪናው የተለየ ከሆነ የራሱን ስኮርታ ያዙለት።

መንገድ ዳር መቆም ከመጣ፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት የማይሠራለት ተሳቢ በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱት። ከኋላው ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ አንጸባራቂም ይኑረው። ከጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። እንግሊዞች መንገድ ላይ የሚቆመውን የማስጠንቀቂያ ትሪያንግል ቢያንስ 45 ሜትር ወደ ኋላ ያርቁታል። ደንገጎ ላይ ግን ሜትር ከመቁጠር ኩርባውን አስቡ፤ የሚመጣው ሹፌር ከመታጠፉ በፊት ይየው። ትሪያንግል ከሌለ ቅጠል መጣሉንም ሁላችንም እናውቅበታለን። ድንጋይ ደርድሮ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ ድንጋዩን እዚያው ትቶ የሚሄደውን ግን እግዜር ይይለት።