ደብረ ብርሃን ላሉት በያጅ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። አንድ ባለሙያ ላመሰግን ነው፤ ሥራ ሲኖራችሁም እሳቸው ጋ እንድትሄዱ ነው።

እህቴ ከአገር ከሚወጡ የውጭ ሰዎች አንድ አሮጌ መኪና ገዛች። አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው፣ ቤት የተጫነበት ዓይነት ነው። ተንቀሳቃሽ ቡና ቤት ልታደርገው ነው፤ ቡና፣ ሻይ፣ ፍርፍር። ችግሩ ከወለሉ ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ቤት ታንከር ነበር። ምግብ የሚሸጥበት መኪና ይዞት ሊዞር አይችልም። ሻጮቹ ባዶ ነው ብለዋት ነበር። የምን ባዶ!

መጀመሪያ የጠየቅነው ጋራዥ "በእሳት ቆርጠን እንጥለዋለን፣ ቀላል ነው" አለን። እኚህ ጋሼ ግን መፍቻ እንኳ ሳያነሱ ጎንበስ ብለው አዩና "በመጀመሪያ ይመጠጥ፣ ይታጠብ፣ ይናፈስ። ከዚያ በፊት እኔ አልነካውም" አሉ። ምክንያታቸውንም ነገሩን። ቆሻሻ ተዘግቶ ሲበሰብስ ሚቴን ይፈጥራል፤ እሱ ደግሞ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሌላ ጋዝም አለ። እሱ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ተብሎ አይታመንም።

የመምጠጫ መኪና ጠርተን አስወጣነው። ከዚያ ውሃ እየሞሉ ማፍሰስ፣ እንደገና መሙላት። እህቴ በረኪና ይዛ ስትመጣ ጋሼ ከእጇ ወሰዱባት። "እታለም፣ በረኪናና ሽንት አይገናኙም። መርዝ ነው የሚወጣው" አሏት። እኔም ይሄን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ቤታችሁ ሽንት ቤት ስታጥቡም አስቡት።

ሥራው ታኅሣሥ ላይ ነበር። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውርጩ ሳይለቅ ሥራ አይጀምሩም። የብርድ ጉዳይ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ያረጀ ፕላስቲክ በብርድ ሲመታ ቶሎ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ባትሪውን ፈቱ፤ ታንከሩ ላይ መጠኑን የሚያሳዩ ሽቦዎች አሉና። መኪናውን በክሪክ አንስተው ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አስቀመጡት። ረዳት ልጆቻቸው በክሪክ ብቻ ሥር ሊገቡ ሲሉ የተቆጡት ቁጣ እስከ መንገዱ ተሰምቷል።

ታንከሩን የያዙት የብረት ቀበቶዎች በዝገት አልቀዋል። ብሎኖቹን ዘይት አጠጥተው አሳደሯቸው። እንቢ ያሉትን በእጅ መጋዝ ቆረጡ፤ በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ መቁረጫ) ቢሆን በደቂቃ ያልቅ ነበር፣ ግን ብልጭታውን አልፈለጉም። አንደኛውን ቀበቶ ለእህቴ አሳዩአት። በጣት የሚታጠፍ ሆኗል። "ይሄን አንጠልጥለሽ ጣርማ በርን ልትወርጂ ነበር?" አሏት። እሷ ደግሞ ደብረ ሲና ገበያ ልትሠራበት ነበር ሐሳቧ። ባለ 100 ሊትር ታንከር ሲሞላ ከውሃው ብቻ 100 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ያ ሁሉ በዚያ ቀበቶ ላይ።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ያልሠሩት ሥራ ነው። ከሥር ሁለተኛ ታንከር ነበር፤ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ የሚወርድበት። እኛ ስለማናውቅ ሁለቱንም አንሱልን ብለናቸው ነበር። "ይሄኛውን ተዉት፣ ስኒ ስታጥብ የት ልታፈሰው ነው? መንገድ ላይ?" ብለው ቫልቩን ብቻ አጽድተው ተዉልን። ቢያነሱት ገንዘቡን እንከፍል ነበር እኮ።

ታንከሩ ሲወርድ ከሽንት ቤቱ ሥር ያለው ኮምፔርሳቶ በስብሶ ተገኘ። ዝም ብለው አልሸፈኑትም፤ ጠርተው አሳዩን። እንጨቱን ራሳችን እንድንገዛ ነግረውን የበሰበሰውን ቆርጠው ቀየሩ፣ ከሥር በላሜራ ደፈኑ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን አደረጉ። ጣሪያ ላይ ያለውን የአየር ቱቦም አልረሱም። ክፍት ቢቀር ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ቀጥታ ወደ ውስጥ ነው። ለሥራቸው የጠየቁት ዋጋ መጀመሪያ የተነጋገርነው ነው፤ ጭማሪ የለም።

አንድ ጎረቤት ታንከሩን ለከብት ውሃ ፈልጎት ነበር። ጋሼ ምንም ሳይሉ መሰርሰሪያ አምጥተው ቀዳዱት። ሰውየው ተቀይሟል፣ ይሁን።

እንከንም አላቸው። ቸኩላችሁ ከሆነ አትሂዱ፤ ቀስ ይላሉ። በሚካኤልና በሥላሴ ቀን ጋራዡ ዝግ ነው። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም፣ ጠይቁ። ግቢውም ጭቃ ነው፤ ጥሩ ጫማ አታድርጉ።

የውሃ ቦቴ፣ የነዳጅ ታንከር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ ብቻ ከሻሲው ሥር የዛገና የሚያስፈራ ነገር ያላችሁ፣ ከመሐል ሜዳም ሆነ ከሸዋ ሮቢት፣ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። ስማቸውን አትጻፍብኝ ስላሉ ነው ያልጻፍኩት። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከምሳ በኋላ ደውሉ፤ ጠዋት መኪና ሥር ስለሚሆኑ አያነሱም።