ፎቶግራፍ የሌለው መታወቂያ፦ የኢስቶኒያ ኢ-ሬዚደንሲ ከባሕር ዳር ሲታይ

የኢስቶኒያ መንግሥት ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠው የኢ-ሬዚደንሲ (የዲጂታል ነዋሪነት) ካርድ በትንሽ ሰማያዊ ሳጥን ታሽጎ ነው የሚደርስዎት፤ በውስጡም ካርዱ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያና የምስጢር ቁጥሮቹ የታተሙበት ፖስታ ይገኛሉ። ካርዱ ላይ የባለቤቱ ፎቶግራፍ የለም። ቪዛም ዜግነትም ስላልሆነ ድንበር አያሻግርም፤ ጥቅሙ በርቀት የኢስቶኒያ ኩባንያ ማቋቋምና ሰነድ መፈረም ነው።

ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ ባለው ቢሯችን ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሶፍትዌር እንሠራለን። የመጀመሪያውን ውል የፈረምነው መብራት በሄደበት ከሰዓት በኋላ፣ በስልክ ዳታ ነበር፤ ለመግባት ባለ 4 አሃዙን፣ ለመፈረም ደግሞ ባለ 5 አሃዙን ቁጥር አስገባሁና አለቀ። ማኅተም ያዡ ከምሳ እስኪመለስ ደጅ መጥናት ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊርማው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ ከእጅ ፊርማ እኩል የሚጸና ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የተጀመረው ይህ አገልግሎት ብቻውን የበቀለ አይደለም። ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ገደማ የሆነው ኢስቶኒያ በ1996 ትምህርት ቤቶችን በኮምፒውተር የማደራጀት ዘመቻ ጀመረች፤ በ2001 ደግሞ ኤክስ-ሮድ የተባለውን፣ መሥሪያ ቤቶች መረጃ የሚለዋወጡበትንና ዜጋው አንድን ነገር ደጋግሞ ከመጠየቅ የሚድንበትን ሥርዓት ዘረጋች። በኢንተርኔት መደዋወያው የስካይፕ ሶፍትዌር በ2003 በዋና ከተማዋ ታሊን ሲሠራ፣ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች ኋላ ሌሎች ኩባንያዎችን መሠረቱ፤ ገንዘብ ወደ ውጭ ከሚያስተላልፈው ከዋይዝ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የስካይፕ የመጀመሪያ ተቀጣሪ ነበር። የአገር ውስጥ ገበያው ጠባብ የሆነበት መንግሥት ደንበኛ ከውጭ መፈለጉ አያስገርምም።

ችግሩ ያለው ባንክ ላይ ነው። ካርዱ የትኛውንም ባንክ ሒሳብ እንዲከፍት አያስገድድም፤ እኛም አንድ የገንዘብ ተቋም ምክንያቱን ሳይገልጽ መልሶን ሌላ ፍለጋ ሦስት ወር ባከነብን። ግብሩንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፦ ኢስቶኒያ በኩባንያው ውስጥ በሚቆይ ትርፍ ላይ ግብር አትጥልም፤ ትርፉ ሲከፋፈል ግን ከ2025 ጀምሮ 22 በመቶ ትጠይቃለች፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ድርጅት የሚመራ ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ግብር ሕግ አይቀርለትም። ለሕጋዊ አድራሻና ለተጠሪ በየዓመቱ የሚከፈለውም ሲደመር ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ እምነቴን የገዛው ግን እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ጉድለት ነው። በኢስቶኒያ መታወቂያዎች ቺፕ ላይ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ፣ መንግሥቱ ሳይሸፋፍን ወደ 760 ሺህ የሚጠጉ ካርዶች ዲጂታል የምስክር ወረቀት አገደ፤ ባለቤቶቹም እንዲያሳድሱ አደረገ።

ውጭ አገር ደንበኛ በእጁ ላለ ሰው አገልግሎቱ ገንዘቡን ያወጣል፤ ደንበኛ ገና ለሚፈልግ ግን አይቸኩል እላለሁ። ካርዱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። የእኔም ሊያበቃ ተቃርቧልና እንደገና አመለክታለሁ፤ አሻራ ለመስጠትና ካርዱን ለመረከብ በአካል መቅረብ ስለሚያስፈልግ ግን የጉዞው ወጪ ከወዲሁ ያሳስበኛል።