ሞተራችንን ከመውረድ ላዳኑልን የጅማ መካኒክ

ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። መኪና ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ ይሆናችኋል።

ወንድሜ ከጅማ አጋሮ በሚኒባስ ይሠራል። መኪናዋ የናፍጣ ነች፤ ቤታችን የሚተዳደረውም በእሷ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጉልበቷ ቀነሰ። ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ ታበዛለች፣ አቀበት ላይ ትለግማለች። አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ጭሱን አዩና "ፋሻ ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድ" አሉት፤ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል፣ ሞተሩ ተፈትቶ ይታደስ ማለታቸው ነው። የለኩት ነገር የለም። የጠሩትን ዋጋ ሰምቶ የመጣ ቀን ወንድሜ እራት አልበላም።

ተራ ላይ የሚያውቀው ሾፌር ነው "ከማስወረድህ በፊት ጋሼ ይዩልህ" ያለው። እኔም አብሬው ሄድኩ። ጋሼ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ጋራዣቸው ሰፊ አይደለም፤ ግን ወለሉ ንጹሕ ነው፣ መፍቻው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ይህን ሳይ ነው ልቤ ያረፈው።

መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጡ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። ወንድሜ ደነገጠ፤ ምክንያቱም ዘይት አልጨመረም። አሸተቱትና እኔንም አስሸተቱኝ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከዚያ ነጭ ወረቀት አምጥተው አንድ ጠብታ ጣል አደረጉበትና ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ትንሽ ቆይቶ መሐሉ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ዙሪያውን ደግሞ ወዛማና ፈዛዛ ቀለበት እየሰፋ ሄደ። "ይኼ ጥቁሩ ጥላሸት ነው። ዳር የወጣው ናፍጣው ነው" አሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱት ውስጡ ቢጫማ አረፋ ይዟል። ውሃ ማለት ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መሐል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ የራዲያተር ውሃ ገብቶ እንዳይሆን ብለው ራዲያተሩን አዩ፤ ውሃው ንጹሕ ነው። ኮምፕረሽን (አየሩ ሞተሩ ውስጥ የሚታመቅበትን ኃይል) ለኩ፤ ደህና ነው። ፋሻው አላለቀም!

ከዚያ ወንድሜን የጠየቁትን ጥያቄ አልረሳውም።

"ልጄ፣ በቀን ስንት ሰዓት ቆማ ትሠራለች?"

ሌላው መካኒክ ሁሉ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ነው። ወንድሜ ዘይት የሚቀይረው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ነው፣ አሳልፎም አያውቅም። ግን ተራ ሲጠብቅ ሞተር አያጠፋም። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ስለደከመ ካጠፋት አትነሳለትም ብሎ ይሰጋል። ተሳፋሪ ሞልቶ መኪና ሲገፋ ማን ማየት ይፈልጋል?

ጋሼ ነገሩን ቁጭ ብለው አስረዱን። ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ እየሠራ ሲቆይ የሚቃጠለው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ ውስጡ በደንብ አይግልም። ያልጋለ ሞተር ደግሞ ናፍጣውን አሟጦ አያቃጥልም። የተረፈው ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ ከፊሉ በፋሻው ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው የውሃ ትነትም አለ። መንገድ ላይ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ተንኖ ይወጣል፤ ቆሞ ሲውል ግን እዚያው ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ውሃ፣ ጥላሸትና ያረጀ ዘይት ሲደባለቁ የቡና አንቡላ የመሰለ ዝቃጭ ይሆናሉ። እሱ ነው ቀጫጭን የዘይት መተላለፊያዎችን የሚደፍነው። በዚያ ላይ በሚኒሞ የዘይቱ ግፊት ዝቅተኛ ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይመዘግብም። ቤት ገብቼ ሳነብ፣ ፎርድ ለፖሊስ መኪኖቹ ባወጣው መመሪያ በሚኒሞ የቆየን 1 ሰዓት እንደ 33 ማይል ጉዞ እንደሚቆጥረው አገኘሁ፤ ወደ 53 ኪሎ ሜትር ነው። ለእኛ ሚኒባስ ቁጥሩ ያው ነው ማለት ባይቻልም ስሌቱ ያስደነግጣል። በቀን 3 ሰዓት ቆማ ብትሠራ፣ በወር 26 የሥራ ቀን ብንይዝ፣ 78 ሰዓት ይሆናል። በ53 ሲባዛ ከ4,100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አንድ የዘይት መቀየሪያ ሊሞላ ምን ቀረው? የመኪና አምራቾች መጽሐፎችም ለረጅም ሰዓት ቆሞ መሥራትን ከአቧራና ከከባድ ጭነት ጋር አንድ ላይ መድበው ዘይቱ ቶሎ ይቀየር ይላሉ።

ጋሼን የወደድኳቸው ግን ዘይት ቀይረው ስላልሸኙን ነው። መኪናዋ ለምን እንደማትጠፋ ጠየቁ፣ እሱንም ሠሩት። ሞተሪኖውን ፈትተው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ማለቁን አሳዩን፤ ጥፍር አክሎ ቀርቷል። ቀየሩት። የባትሪውን ገመድ ማሰሪያዎች አጽድተው አጠበቁ። ወንድሜ ሞተሩ ካልጠፋ ባትሪው ይሞላል ብሎ ያምን ነበር፤ ዲናሞ በሚኒሞ ሲዞር የሚያመነጨው ትንሽ መሆኑን በመለኪያ አሳዩት። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈተሹ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየሩ፣ ሚኒሞውን አስተካከሉ። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በፌስታል አድርገው ሰጡን። የከፈልነው ለሞተር ማውረጃ ከተጠራብን ጋር አይወዳደርም።

አሁን ስትነሳ በአንድ ቁልፍ ነው። ነጩ ጭስ ጠፍቷል። ወንድሜ ተራ ሲይዝ ያጠፋታል፤ ናፍጣውም ተርፎለታል።

ለሾፌሮች ጋሼ የነገሩንን ላካፍላችሁ። ጅማ ውርጭ አገር አይደለችም። ጠዋት ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ሳይረግጡ ቀስ ብሎ መንዳት። ሞተር ቶሎ የሚሞቀው እየሄደ ነው። የጊቤን አቀበት ጨርሶ የቆመ፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው መኪና ወዲያው አይጠፋም፤ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይብረድ። ቡና ሲጫን ሙሉ ሰዓት እየሠራ መቆየት ግን ዘይትም ነዳጅም መጨረስ ነው። ለቤት መኪናም ያው ነው፤ ከ10 ሰከንድ በላይ መቆም መልሶ ከማስነሳት የበለጠ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪወጣ የምትጠብቁ ወላጆች፣ እባካችሁ አጥፉት። ጭሱን የሚተነፍሱትም ልጆቹ ናቸው።

አንድ ቅር የሚል ነገር ካለ ቀጠሮ ላይ ነው። ጋሼ አይቸኩሉም። ነገ ካሉ ተነገ ወዲያ ሊሆን ይችላል፤ ሳይፈትሹ መኪና አይለቁምና። እኔ ይህን ከችኮላ እመርጣለሁ። ሥራ ያስተማሯቸው ልጆችም እንደሳቸው ጨዋ ናቸው፤ አንድ ቡለን ሲፈቱ እንኳ ለባለቤቱ ይናገራሉ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናታችን የላከችውን ምርቃት በአካል አድርሻለሁ፤ እዚህም ይጻፍልኝ ብላለች።

ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለጉም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እልካለሁ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ የጭነት መኪና ይበዛባቸዋል፤ በሌላ ቀን፣ በማለዳ ሂዱ። ስትሄዱ መጨረሻ ዘይት የቀየራችሁበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ መኪናው በቀን ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚሠራም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።