የዱ ካንዥ የላቲን መዝገበ ቃላት በድረ ገጽ፦ «ሚሳ» በሚለው ቃል ሲመዘን

ፓሪስ የሚገኘው፣ የጥንት ሰነዶችን ጥናት የሚያስተምረው ኤኮል ናሲዮናል ዴ ሻርት በድረ ገጽ ለሁሉም በነፃ ያቀረበውን የዱ ካንዥ የመካከለኛው ዘመን ላቲን መዝገበ ቃላት ለመመዘን «ሚሳ» ጥሩ መፈተኛ ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴዋን የምትጠራበት ይህ ስም በመነሻው ስለ መሥዋዕትም ሆነ ስለ ጸሎት የሚናገረው ነገር የለም።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሻርል ዱ ፍሬን ዱ ካንዥ ሥራውን በ1678 እ.ኤ.አ. በሦስት ጥራዝ አሳተመ። በየዘመኑ የተነሡ ሊቃውንት እየጨመሩበት ከሄዱ በኋላ ከ1883 እስከ 1887 ባለው ጊዜ በአሥር ጥራዝ ታተመ፤ ድረ ገጹም የተመሠረተው በዚህ እትም ላይ ነው።

የመዝገቡ ትልቁ ሀብት ከድርሳናትና ከጥንት ሰነዶች የተለቀሙት ጥቅሶቹ ናቸው። «ሚሳ» ነጠላ ፍቺ ሰጥተው የሚያልፉት ቃል ስላልሆነ ጥቅስ በእጅጉ ያስፈልገዋል። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቅዱሳት መካናትን የተሳለመችው ኤጌሪያ ምእመናን የሚሰናበቱበትንም፣ ሥርዓተ ጸሎቱን ራሱንም በዚሁ ቃል ትጠራለች፤ በቅዱስ ቤኔዲክቶስ የመነኮሳት ሥርዓት ደግሞ የየሰዓቱ ጸሎት መዝጊያ ነው። ቃሉ በኋላ የበዓል ቀን መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ፤ በበዓሉ ዕለት ገበያ ይቆም ስለነበር ጀርመኖች የንግድ ትርዒትን ዛሬም «ሜሴ» ይሉታል። ቁርባን የማይባረክበት፣ «ሚሳ ሲካ» ወይም ደረቅ ቅዳሴ የተባለ ሥርዓት እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢም ወደዚህ ዓይነት መዝገብ መምጣቱ ግድ ነው።

የቃሉን ምንጭ በተመለከተ ግን የ17ኛው መቶ ዘመን ሥራ ብቻውን አይበቃም። በ16ኛው መቶ ዘመን አንዳንድ ሊቃውንት ቃሉን ከዕብራይስጥ ሊያመጡት ሞክረው ነበር፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ግን በግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ቀደምት ክርስቲያኖች ዘንድ በተገኘ ነበር። የሚያሳምነው መነሻ «መላክ፣ ማሰናበት» የሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ «ኮሌክታ» ለ«ኮሌክሲዮ» (መሰብሰብ) እንደቆመ ሁሉ «ሚሳ»ም ለ«ሚሲዮ» (ማሰናበት) የቆመ የኋለኛው ዘመን ስም ነው። በላቲኑ ቅዳሴ መጨረሻ የሚሰማው «ኢቴ፣ ሚሳ ኤስት» የሚለው አዋጅም «ሂዱ፣ ስንብት ሆኗል» ከማለት አያልፍም። በዛሬዋ ፈረንሳይ የምትገኘው የቪየን ከተማ ጳጳስ አቪቱስ በ500 እ.ኤ.አ. ገደማ በአብያተ ክርስቲያናትና በቤተ መንግሥት ሕዝቡ ሲሰናበት ይህ ቃል ይታወጅ እንደነበር መጻፉ ለዚህ ጠንካራ ምስክር ነው። የሴቪያው ኢሲዶር ደግሞ ስሙን ንዑሰ ክርስቲያን ወደ ውጭ ከሚላኩበት ሰዓት ጋር ያያይዘዋል።

አገልግሎቱን የሚያከብደው ፍቺዎቹ ራሳቸው በላቲን መጻፋቸው ነው፤ ለጀማሪ በር የሚዘጋ እንጂ ቀላል እንከን አይደለም። የተለያዩ አዘጋጆች ያከሉት በአንድ ርዕስ ሥር ስለሚገናኝ፣ የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ሳይለዩ ሁሉንም ለዱ ካንዥ መስጠት አይገባም። ላቲን ለሚያነብ ተመራማሪ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ሆኖም የቃልን ምንጭ ለመጥቀስ ሲፈልግ አዲስ የሥርወ ቃል መዝገብ አጠገቡ ያኑር።