ለአክስቴ ያደገችበትን ሰፈር ለመለሰላት አስጎብኚ ምስጋና (ለምትፈልጉም ጥቆማ)

ይሄን የምጽፈው አንድ ልጅ በአደባባይ ሳይመሰገን እንዳይቀር ብዬ ነው። ከውጭ ዘመድ ለሚመጣባችሁ፣ እዚሁ አድጋችሁም አራዳን በቅጡ ላላያችሁ ጥቆማ ይሁናችሁ። ልጁ አስጎብኚ ነው። ፒያሳን፣ ራስ መኮንን ድልድይን፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ ያለውን የድሮ ሰፈር በእግር ያስጎበኛል።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። ያደገችው እሪ በከንቱ ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጋ ወጣች፣ አሜሪካ ገባች፣ እዚያው ቀረች። ዘንድሮ በስንት ልመና መጣች። ጉልበቷን ስለሚያማት በከዘራ ነው የምትሄደው። «እንጦጦም ፓርክም አልፈልግም፣ ሰፈሬን አሳዩኝ» ነው ያለችው።

መጀመሪያ የወሰዱን ሰዎች ያደረጉን ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። ዋጋውን በዶላር ነገሩን፣ እሺ ብለን ከፈልን። ከዚያ ያንኑ አልፈልግም ያለችውን እንጦጦ አወጧት! ምሳም እነሱ የመረጡት ቤት ነው። ስንመለስ ድልድዩ ጋ ስንደርስ «እባካችሁ እዚህ ጋ አውርዱኝ» ብላ ለመነች። ሹፌሩ «ሁሉም ፈርሷል እኮ፣ ምን የሚታይ አለ» ብሎ ሳያቆም አለፈ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሌላው አስጎብኚ ደግሞ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ከስልኩ እያነበበ ጣልያን ነው ያሠራው አለን። አክስቴ «ልጄ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ምኒልክ ናቸው ያሠሩት» ስትለው ተቆጣ። የሰባ ምናምን ዓመት ሴት ላይ! ገንዘቡስ ይሁን፣ ንቀቱ ነው የማይወጣልኝ።

ይሄኛውን ልጅ የሥራ ባልደረባዬ ነው የጠቆመኝ። ስደውልለት ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጥያቄ ጀመረ። እማማ የት አካባቢ ነው ያደጉት? ደረጃ ይወጣሉ? ስንት ደቂቃ ቆመው መቆየት ይችላሉ? ስለ ጉልበቷ ስነግረው «ለጉልበት ቁልቁለት ይብሳል፣ መውረጃውን በታክሲ እናደርገዋለን» አለኝ። እኔ ራሴ ያላሰብኩትን።

ከጊዮርጊስ ጀመርን። ስምንት ማዕዘኑን ቤተ ክርስቲያን ቀስ እያልን ዞርነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ጃንሆይ በ1923 ዘውድ የጫኑት እዚህ መሆኑን ሲነግረን አክስቴ ታቋርጠዋለች፣ እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ይሰማታል። በ2016 የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከውጭ አሳያት። ጣይቱ ሆቴል አረፍ ብለን ቡና ጠጣን። በ2007 እሳት እንደደረሰበት አልሰማችም ነበር፣ አዘነች። ስለ አርመኖቹም አነሱ፤ በ1916 ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ ልጆች፣ የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ስለመድረሳቸው። አክስቴ የአርመን ጫማ ሰፊ ታስታውሳለች፣ የሱቁን ሽታ ሳይቀር።

ከዚያ ድልድዩ ጋ ወረድን። በ2016 ያ አካባቢ በብዛት መፍረሱን ታውቃላችሁ። አክስቴ ከዘራዋን ተደግፋ አየችና «የለም እኮ፣ ምንም የለም» ብላ እንባዋ ወረደ። እኔ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ልጁ አላባበላትም። ወዲያ ሄዶ ከአንዲት ቡና አፍይ በርጩማ ተውሶ መጣ። አስቀመጣት፣ እሱ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፣ ማስታወሻውን አወጣ። «እማማ፣ ጠዋት በር ሲከፍቱ ፀሐይ ፊትዎ ላይ ነበር ወይስ ከጀርባዎ?» «የጊዮርጊስ ደወል በየት በኩል ነበር የሚሰማው?» «ወደ ወንዙ ሲወርዱ ድልድዩ በግራ ነው በቀኝ?» እሷም እንባዋን እየጠረገች መለሰች። እሱ የቆየ ፎቶ ከስልኩ አወጣ፣ አየ፣ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ አለ፣ እዚያው የከረመች አንዲት እናትንም ጠየቀ። እንዴት እንዳወቀው እኔ አልገባኝም። ብቻ ራቅ ብሎ አንድ የድንጋይ ደረጃ አጠገብ ቆሞ እጁን አነሳ። ጫፉ የተሸረፈ፣ ሣር የበቀለበት ደረጃ ነው። አክስቴ ብድግ አለች። «የኛ መውረጃ! የኛ መውረጃ!»

እዚያ ቁጭ ብላ ስለ እናቴ አወራች። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጎርፍ ያመጣውን እንጨት ልትጎትት ከዚያ ደረጃ ትወርድ ነበር አሉ፤ አያቴ አለንጋ ይዛ ከላይ ትጮሃለች፣ እናቴ ግን እንጨቱን ሳትይዝ አትወጣም። ድምፅዋን በስልኬ ቀዳሁት። ለልጆቼ አስቀምጬዋለሁ።

ሰዓታችን አልቆ ነበር፣ ልጁ ግን ቶሎ በሉ አላለም። ስለ ወንዙ ስትጠይቀው በ2011 የተጀመረው ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የወንዝ ዳርቻ ሥራ ምን እንደሆነ አስረዳት፣ ወዲህም ወዲያም ሳያዳላ። ሂሳብ ላይ ጨምሬ ልሰጠው ብል እምቢ አለ። ይልቅ የነገረችውን ለሌሎች እንዲናገር አክስቴን ፈቃድ ጠየቃት። «ተናገር የኔ ጌታ» አለችው፣ መረቀችው። እኔም ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ እናትህን ያኑርልህ እላለሁ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። እባካችሁ ውሰዱት፤ በተለይ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ጋ ሄዳችሁ አትጉላሉ። ዋጋው በብር ነው፣ ቀድሞ ይነግራችኋል፣ የተናገረውንም አይለውጥም። ስትደውሉለት ሰውዬው ወይ ሴትየዋ የት ሰፈር እንዳደጉ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ይዘጋጅበታል። የድሮ ፎቶ ካላችሁ ላኩለት። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፤ ከተቻለ በጠዋት ሂዱ፣ ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይለቃችሁም። ሌላ ቀጠሮም አትያዙ፣ እዚያ ሲደረስ ወሬው ቶሎ አያልቅም።