ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ፦ ቤት ወይስ ፊዚዮቴራፒ ክፍል?

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጣን ሰው ቀድሞ የሚከዳው ጉልበቱ ነው። በ10 ቀን ውስጥ እንኳ የጭን ጡንቻ በግልጽ ይሟሽሻል።

ጉልበት የሚመልሰውን እንቅስቃሴ (ፊዚዮቴራፒ) ሆስፒታል ሄዶ ሲሠራ ባለሙያ አጠገቡ ነው፤ የልብ ምቱና ኦክስጅኑ ይለካል። ግን ታክሲ መሳፈሩ ብቻ አቅም ይጨርሳል።

ቤት አንድ ወንበር ይበቃል። ወንበሩን ግድግዳ ታስደግፈዋለህ። ተነሳ፣ ቁጭ፣ አምስት ጊዜ። እያወራ መሥራት ካቃተው ከብዶታል። ትልቁ ችግር? ዘመድ! «ተኛ፣ አትድከም» ባይ አይጠፋም።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 195 ሰዎችን ይዞ የ8 ሳምንት የቤት ፕሮግራምን ከተለመደው ክትትል ጋር ቢያነጻጽር የጎላ ልዩነት አላገኘም። እኔ ግን ባለሙያ መጀመሪያ ካየውና እየደወለ ከተከታተለው ቤቱን እመርጣለሁ። ደረቱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው ያቁም፤ ሐኪም ይየው።