ፍላሽ ወይስ ኤልኢዲ? የመጀመሪያ መብራት ለሚገዙ

ፎቶ መማር የጀመረ ሰው ካሜራውን እንደያዘ ቀጥሎ ብር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሌንስ ላይ ነው። መብራት ቢገዛ ይሻለው ነበር። ሱቅ ሲገባ ግን ሁለት ነገር ይቀርብለታል፦ ካሜራ አናት ላይ የሚሰካ ፍላሽ፣ እና ስታንድ ላይ ቆሞ ያለማቋረጥ የሚበራ ኤልኢዲ። እዚህ የምናወዳድረው የጎዶክስ ቲቲ600 ዓይነት፣ ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል ፍላሽ እና 60 ዋት ኤልኢዲ ነው። የጀማሪ አቅም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አካባቢ ነው።

ኃይል

አንድ ሰው አስቀምጡና መብራቱን 1.5 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ፍላሹ ብርሃኑን በሚያለሰልስ ነጭ ጃንጥላ አልፎ፣ በግማሽ ኃይል፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እስከ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ያደርሳችኋል። ኤልኢዲው ከሶፍት ቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ጋር ሲሆን በ1/160 ሰከንድ ሻተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) አይኤስኦ 800 እና ኤፍ 2.8 ግድም ይጠይቃል። እንደ ጨርቁ ውፍረት ከፍ ዝቅ ቢልም ልዩነቱ ስድስት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)፣ ማለትም 64 እጥፍ አካባቢ ነው። ፍላሹ ውስጡ ያጠራቀመውን ኃይል በቅጽበት ስለሚለቀው ነው እንዲህ የሚበረታው።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ 55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ስለዚህ በዚህ ሌንስ ያው ኤልኢዲ አይኤስኦ 3200 ያስገባችኋል፤ የጥቁር ፀጉርና የጥላ ቦታ መሻከር የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ኤልኢዲውን ወደ 75 ሴንቲሜትር ብታስጠጉት ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል፣ አይኤስኦው ወደ 800 ይመለሳል። ይህ የሚሠራው ግን ለአንድ ሰው ፊት ነው እንጂ ለቤተሰብ ፎቶ አይደለም።

ውጭ ሲወጣ ኤልኢዲው ጭራሽ ከጨዋታ ውጭ ነው። የጥምቀት ዕለት በቀትር ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ታነሳላችሁ እንበል። ብርሃኑን ለፊቷ ብትለኩ የነጠላው ሽመና ይነጣና ይጠፋል፤ ለነጠላው ብትለኩ ፊቷ ይጨልማል። ፀሐዩን ከጀርባዋ አድርጉ፤ አይኤስኦ 100፣ ሻተር 1/200፣ ኤፍ 16 ያዙ። ፍላሹን ያለ ጃንጥላ በሙሉ ኃይል 2 ሜትር ላይ፣ ከፊቷ ከፍ አድርጋችሁ አብሩት። የፍላሹን ጭንቅላት ትንሽ ወደ ላይ ብታቀኑት የብርሃኑ መሐል ፊቷን፣ ደካማው ጠርዝ ደግሞ ነጠላውን ያገኛል። 60 ዋት ኤልኢዲ እዚህ ቦታ መብራቱም አይታወቅም።

ሻተሩን 1/200 ያልነው በምክንያት ነው። ብዙ የጀማሪ ካሜራዎች ከዚያ በላይ ከፍላሽ ጋር አይሄዱም፤ ብታልፉት ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይመጣል። ፍላሹን ከፈጣን ሻተር ጋር የሚያስኬድ ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባል መፍትሔ አለ፣ ግን ብዙ ኃይል ይበላል። ቲቲ600 ደግሞ ይህን የሚሠራው ከካሜራው ወርዶ በትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከሩቅ በሚያበራ ዕቃ) ሲታዘዝ ብቻ ነው።

ማየት

ኤልኢዲ የሚያሸንፈው እዚህ ነው። ዶሮ ወጥ ስታነሱ ምግቡን የሚያስጎመጀው ዘይቱ ላይ ያለው ብልጭታ ነው፤ ሲበዛ ግን ቀዩን ቀለም ይሸፍነዋል። መብራቱን ከሰሐኑ ኋላ በጎን በኩል አድርጋችሁ 10 ሴንቲሜትር ስታንቀሳቅሱት ብልጭታው ከእንቁላሉ ወደ መረቁ ሲሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በፍላሽ ግን አንስቶ ማየት፣ አስተካክሎ ደግሞ ማንሳት ነው። ቡና ሲፈላም እንዲሁ፦ የዕጣኑ ጭስ የሚታየው መብራቱ ከኋላው ሲመታውና ከበስተጀርባ ጨለማ ሲኖር ነው። ካሜራ ላይ የተሰካ ፍላሽ ከፊት ሲመታው ጭሱ ግራጫ ጉም ሆኖ ስዕሉን ያደበዝዘዋል።

ምግብ፣ ዕቃ ወይም ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ሳታመነቱ ኤልኢዲ ግዙ። (ለቪዲዮ የማራገቢያውን ድምፅ መጀመሪያ አዳምጡት።)

ቀለም

ሲአርአይው (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ፣ ከ100) ከ95 በታች የሆነ ኤልኢዲ አትግዙ። ርካሾቹ ጠይም ቆዳ ላይ አረንጓዴ ጥላ ይጥላሉ፤ በፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም ውስጥ ቲንት የሚለውን ወደ ሮዝ ብትስቡት ፊቱ ሲስተካከል ነጩ ልብስ ሮዝ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ሱቁ ውስጥ መብራቱን አደብዝዛችሁ ነጭ ግድግዳ በ1/1000 ሻተር አንሱ፤ ጥቁርና ነጭ መስመር ከታየ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው፣ መልሱት።

ፍላሽ በቀለም በኩል እምብዛም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የቤቱ አምፖል ነው። ፍላሽ 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ሲያንስ ቢጫ ይሆናል) አካባቢ ነው፣ ቢጫው አምፖል 3000። አይኤስኦውን 1600 አድርጋችሁ ካነሳችሁ ፊቱ ደህና ሆኖ ግድግዳው ብርቱካን ይሆናል፣ በኤዲቲንግም በአንድ ዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ የሚያደርግ የቀለም ማስተካከያ) አይስተካከልም። በአይኤስኦ 100፣ 1/200 እና ኤፍ 8 ብታነሱ ግን አምፖሉ ፎቶው ውስጥ አይገባም። በኤልኢዲ ስትሠሩ አምፖሉን አጥፉት፣ በቃ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲ ወይም 250ዲ ያላችሁ ተጠንቀቁ። የእነዚህ ካሜራዎች የፍላሽ መሰኪያ መሐሉ ላይ ያለው ዋና ነጥብ የለውም፤ ቲቲ600ን ብትሰኩበት አይበራም። ፍላሹ ተበላሽቷል ብለው የሚመልሱት አሉ፣ ጥፋቱ የመሰኪያው ነው። ለካኖን የተሠራ ቲቲኤል (ኃይሉን ካሜራው ራሱ የሚለካለት) ፍላሽ ፈልጉ፣ ትሪገርም ከሆነ በራሳችሁ ካሜራ ላይ ሳትሞክሩት አትክፈሉ።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ አብዛኛው 60 ዋት ኤልኢዲ የግድግዳ ሶኬት ጠባቂ ነው፤ የስልክ ፓወር ባንክ አያስነሳውም። ፍላሹ የሚፈልገው አራት ድብል ኤ ባትሪ ብቻ ነው። ቻርጅ የሚደረጉትን ግዙ፤ ተራዎቹ ትንሽ እንደሠሩ በሁለት ብልጭታ መካከል ብዙ ያስጠብቃሉ።

የፍላሹን ዋጋ ስትጠይቁ የትሪገሩን፣ የስታንዱን፣ የጃንጥላ መያዣውንና የ1 ሜትር ነጭ ጃንጥላውን አብራችሁ ደምሩ። ያለ እነሱ ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፊት ለፊት የሚመታ፣ ፊትን ጠፍጣፋ የሚያደርግ ዕቃ ነው የገዛችሁት። ለኤልኢዲው ሶፍት ቦክስና ከበድ ያለ ስታንድ ጨምሩ።

ሰርግ፣ ልደትና ምርቃት ለሚያነሳ ሰው ምርጫችን ፍላሽ ነው። ያገለገለ ካገኛችሁ የፊቱን ፕላስቲክ እዩ፦ ቡናማ ሆኖ ከጠየመ በሙሉ ኃይል ብዙ ተሠርቶበታል። ከዚያ በሙሉ ኃይል አሥር ጊዜ አከታትላችሁ አብሩት፤ በአዲስ ባትሪ በየመሐሉ ከሦስት ሰከንድ በላይ የሚያስጠብቅ ከሆነ ተዉት።